ሽሮ ሰጥታችሁ ንቦቹ ያልበሉት ለምንድን ነው? ከክረምት በፊት ለንብ ፕሮቲን የመመገብ ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ ሲጋመስ ከሰሜን ሸዋ ንብ አናቢዎች የሚሰማው ቅሬታ ይመሳሰላል። «ሽሮ ሰጠሁ፤ ጠርገው ከበር ላይ ጣሉት።» «ስኳር ሳላቋርጥ ሰጠሁ፤ አደይ ሲፈነዳ ቀፎው ባዶ ሆነ።» «ቂጣው ሻገተ።» (ቂጣ የምንለው ከጥራጥሬ ዱቄትና ከስኳር ለንብ የሚቦካውን ምግብ ነው።) አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከአራት ነገር ነው። ምግቡ ዘግይቷል፣ ቅመም ነክቶታል፣ ደርቋል፣ ወይም ከእጩ (ከእንቁላል ከወጣው የንብ ልጅ) ርቆ ተቀምጧል።

አንድ ነገር መጀመሪያ ይለይ። ስኳር ለንብ ጉልበት ነው እንጂ እጭ አያሳድግም። እጭ የሚያድገው በፕሮቲን ነው፤ ንቦች ፕሮቲን የሚያገኙት ደግሞ ከጽጌ ብናኝ (ከአበባ ከሚሰበስቡት ዱቄት) ነው። ወጣቶቹ ሞግዚት ንቦች ጽጌውን ይበሉና ጭንቅላታቸው ውስጥ ካለው ዕጢ ወተት የመሰለ ምግብ ያመነጫሉ። ለትንንሾቹ እጮችም ለንግሥቲቱም የሚያበሉት እሱን ነው። ጽጌ ሲጠፋ ወተቱ ይነጥፋል። ንግሥቲቱ እንቁላል ትቀንሳለች፤ ሲብስም ንቦቹ የራሳቸውን እንቁላልና ትንንሽ እጭ ይበላሉ። በዚህ ጊዜ የፈለጋችሁትን ያህል ስኳር ብታፈሱ ያረጁት ንቦች ዕድሜ ይገፋል እንጂ ምትክ አይወለድም።

## ጊዜውን አስቀድማችሁ ቁጠሩ

ክረምት ሰኔ 26 ይገባል። ቂጣው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ቀፎ ውስጥ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ጉሙና ብርዱ ቀኑን ሙሉ ንቡን ከቤት አያስወጣውም። ውጭ አበባ ቢኖር እንኳ ሄዶ የሚያመጣው የለም።

ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ መውጣት 21 ቀን ገደማ ትፈጃለች። ከወጣች በኋላ ወደ ሦስት ሳምንት የቤት ሥራ ትሠራለች፤ ወደ መስክ የምትወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተጣለ እንቁላል መስክ የሚሠማራው ከ42 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙ። ምግቡ የሚሰጠው በሁለት ዙር ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ 20 ገደማ። ዓላማው ክረምቱን የሚሻገሩ ወጣትና የጠገቡ ንቦችን ማሳደግ ነው።

ሁለተኛው ዙር፦ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ። ዓላማው ለአደይ አበባ የሚደርስ ሠራተኛ ማብዛት ነው። መስከረም 10 ላይ መስክ የሚወጡ ንቦች ከፈለጋችሁ 42 ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። ጳጉሜን ጨምራችሁ ነሐሴ 3 ላይ ትደርሳላችሁ። እንቁላሉ መጣል ያለበት ያን ሰሞን ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቂጣ የሚያዘጋጅ ሰው ንቦቹን የሚያደርሰው አበባው ሊያልቅ ሲል ነው።

በሁለቱ ዙሮች መካከል፣ ክረምቱ እምብርት ላይ፣ ያለ ምክንያት ቀፎ አትክፈቱ።

ቆላው ይለያል። ሸዋ ሮቢትና ቀወት አካባቢ የሚያስቸግረው ብርዱ ሳይሆን ከክረምቱ በፊት ያለው ድርቀትና ሙቀት ነው። እዚያ የመጀመሪያውን ዙር ወደ ሚያዝያ መጨረሻ አምጡት፤ ቂጣውንም አሳንሱት። በልግ በደንብ የዘነበበትና ንቦቹ እግራቸው ላይ ጽጌ ጭነው የሚገቡበት ዓመት ከሆነ ደግሞ ጠብቁ። የተፈጥሮው ጽጌ እያለ ሽሮውን ዞር ብለው አያዩትም።

## ደረጃ 1፦ ቀፎውን ፈትሹ

ፀሐይ ያለበት፣ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ። በሰኔ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ይሻላል። ቀፎው መኖሪያ ቤት አጠገብ ከሆነ ልጆችንና ከብቶችን አስቀድማችሁ አርቁ። ዓይነ ርግብ፣ ጓንት፣ መሮና ማጨሻ ይዘጋጅ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ይበቃል። ላስቲክ ወይም ዘይት የነካው ጨርቅ አታጭሱ።

የምታዩት አራት ነገር ነው፦

1. ማር። ቢያንስ ሁለት ፍሬም (ንቦቹ የሰም እንጀራ የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ማር ከሌለ መጀመሪያ ስኳር እንጂ ፕሮቲን አይደለም የሚያስፈልገው። የራበው ንብ እጭ አያሳድግም።

2. ጽጌ ብናኝ። ከእጩ ዙሪያ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አንዳንዴም ግራጫ ሆኖ ተጠቅጥቆ ይታያል። ተጠራቅሞ አንድ ፍሬም በሁለት ገጹ የማይሞላ ከሆነ ቂጣ ያስፈልጋል።

3. ንግሥት። እሷን መፈለግ አያስፈልግም። በእንጀራው ዓይን ውስጥ አንድ አንድ እንቁላል ቆሞ ካያችሁ አለች። በአንድ ዓይን ውስጥ ሁለት ሦስት እንቁላል ተዝረክርኮ ካያችሁ ግን ንግሥት የሌለው ቀፎ ሊሆን ይችላል። እሱን በቂጣ አታድኑትም።

4. የትንንሾቹ እጮች መኝታ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ፀሐይዋን ከትከሻችሁ ኋላ አድርጉና ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ እንዲገባ ፍሬሙን ዘንበል አድርጉ። ከእንቁላልነት ገና የወጡትን፣ ከክር የማይወፍሩትን ፈልጉ። የጠገበ እጭ ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ተኝቶ ያብረቀርቃል፤ ፈሳሹ ከእጩ በላይ ይታያል። የተራበው ግን ደረቅ ወለል ላይ ተለጥፎ ነው የምታገኙት። እጩ በደረቁ ከተኛ ጽጌ ያለ ቢመስልም ቂጣውን ስጡ። እኔ ከሁሉም ምልክት የማምነው ይህን ነው።

ንቡ ከሦስት ፍሬም በታች የሚሸፍን ደካማ መንጋ ካለ፣ በሽታ እንደሌለበት አረጋግጣችሁ ከሌላ ጋር አዋሕዱት። አንድ ጠንካራ ቀፎ ክረምቱን ይሻገራል። ሁለት ደካማ ቀፎ ስኳርና ሽሮ ይፈጅና መስከረም ሳይጠባ ያልቃል።

## ደረጃ 2፦ ዱቄቱን አዘጋጁ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የወጥ ሽሮ አትጠቀሙ። የቤት ሽሮ በርበሬ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ አለበት። ንቦቹ አይበሉትም፤ ቢበሉትም ይጎዳቸዋል። «ትንሽ ነው ያለበት» አይሠራም። ለንብ የሚሆነው ምንም ያልገባበት ነጭ ዱቄት ብቻ ነው።

እህሉን ምረጡ። አኩሪ አተር ከመቶ 36 እስከ 40 ያህሉ ፕሮቲን ነው። ባቄላ ወደ 26፣ አተር ወደ 23፣ ሽምብራ ወደ 20 ይጠጋል። ገብስ ግን ከ10 እስከ 12 ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የሚሰጡት በሶ ከፕሮቲን ይልቅ ጉልበት ነው። በሶ አትስጡ አልልም፤ ፕሮቲን ሰጥቻለሁ ብላችሁ ግን አትዘናጉ።

አኩሪ አተር ዘይቱ ስለሚበዛ ብቻውን አይሁን። ጥሩው ድብልቅ 300 ግራም አተር ከ200 ግራም አኩሪ አተር ጋር ነው። አኩሪ አተር ካጣችሁ አተሩን 500 አድርጉት።

የነቀዝ መድኃኒት የነካው እህል አታስጠጉ። ጎተራ ውስጥ ዱቄት መድኃኒት የተነሰነሰበት ባቄላ ለንብ መርዝ ነው። ታጥቦ ይጠራል ብላችሁም አትሞክሩ። ከገበያ ስትገዙ ሻጩን ጠይቁ፤ ካላመናችሁት ሌላ ፈልጉ።

ቁሉት። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ያለ መቁላት አይሰጥም። በመካከለኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ፣ ሽታው እስኪለወጥና ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ እስኪሆን ቁሉት። ካረረ ጣሉት፤ ያረረ ፕሮቲን ለንብ ጥቅሙ ይቀንሳል። አተሩን ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉና ከክታችሁ ገለባውን አንሡ።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ተጠንቀቁ። ከእናንተ በፊት በርበሬ ተፈጭቶ ከሆነ ድካማችሁ ገደል ገባ። ጤፍ ወይም ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ተራ ያዙ። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ሁለት ጭብጥ ለይታችሁ ለዶሮ ስጡት። ዱቄቱ የላመ ይሁን፤ ቤት ስትደርሱም በጠባብ ወንፊት ንፉት። ሻካራውን ፍርፋሪ ንቦቹ እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ነው የሚያወጡት።

ስለ እርሾ። ቢራ ፋብሪካ ቅርባችን ስለሆነ ለከብት የሚገዛውን ተረፈ ምርት ለንብ ማሰብ ይመጣል። ተዉት። እርጥቡ እርሾ ሕያው ስለሆነ ቂጣውን ያቦካዋል። የዳቦ እርሾም እንዲሁ ነው። ለንብ የሚሆነው ተገድሎ የደረቀ የቢራ እርሾ ብቻ ነው። እሱን ካገኛችሁ ከዱቄቱ ከአምስት አንዱን እጅ ተኩ፤ ካላገኛችሁ አይቆጫችሁ።

የራሳችሁ ጽጌ ካላችሁ ከዱቄቱ 50 ግራም ያህሉን በእሱ ተኩ፤ ሽታው ንቦቹን ይስባቸዋል። ከሰው ቀፎ የመጣ ጽጌም ሆነ ማር ግን አትጠቀሙ። የእጭ በሽታ ከቀፎ ቀፎ የሚዛመተው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

## ደረጃ 3፦ ቂጣውን አቡኩ

ለ6 ወይም 7 ቂጣ የሚሆን መጠን፦

- የተነፋ ዱቄት፦ 500 ግራም
- የተፈጨ ነጭ ስኳር፦ 500 ግራም
- ወፍራም የስኳር ውሃ፦ ሩብ ሊትር ገደማ

ስኳሩን ቤት ውስጥ ፍጩት። ተፈጭቶ የሚሸጠው አንዳንዱ ስታርች ይቀላቀልበታል። ቡናማ ስኳርና ሞላሰስ ሆዳቸውን ያበላሻል፤ ዝናብ ዘግቶባቸው ለመጸዳዳት መውጣት በማይችሉበት ወቅት ደግሞ ይብሳል።

1. ለወፍራሙ ስኳር ውሃ 2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ይሁን። ውሃውን አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ከዚያ ስኳሩን ጨምራችሁ አማስሉ። ስኳሩን እሳት ላይ አታፍሉት። የተቃጠለ ስኳር ንብ ይጎዳል።
2. ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት።
3. ዱቄቱንና የተፈጨውን ስኳር በደረቁ በደንብ አደባልቁ።
4. ስኳር ውሃውን በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ አሹ። አንዴ አታፍስሱት።
5. በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩ። ዱቄቱ ውሃ ስለሚጠጣ ጠዋት ጠጥሮ ታገኙታላችሁ። አንድ ሁለት ማንኪያ ስኳር ውሃ ጨምራችሁ ደግማችሁ አሹት።
6. ፈትኑት። ጣት ሲጫነው መስመጥ አለበት፤ ጣት ላይ ግን መጣበቅ የለበትም። ቂጣውን በአንድ ጫፉ አንጠልጥሉት፤ ከተዘረጋና ከወረደ ዱቄት ጨምሩ። ለስላሳ ቂጣ በፍሬሞቹ መካከል ይወርድና ንብ ያጣብቃል።
7. 200 ግራም፣ 200 ግራም እያደረጋችሁ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ዳምጡት።
8. ላይና ታቹን በዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ሸፍኑ። ወረቀቱ ከሌለ ታጥቦ እሳት ላይ ለብ የተደረገ ኮባ ይሆናል፤ እርጥበቱን ይይዛል። ጋዜጣና ቀለም ያለው ወረቀት አይሁን።

ጨው፣ ሎሚ፣ ቫይታሚን፣ የዶሮ መኖ፣ ወተት ጨምሩ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አንዱንም አትጨምሩ።

የሳምንት ብቻ ሥሩ። ማቀዝቀዣ ካላችሁ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

## ደረጃ 4፦ ቀፎ ውስጥ አስቀምጡ

ሞግዚት ንቦች ከእጩ አይርቁም። ቂጣውን ፍለጋ ቀፎ ጥግ ድረስ አይሄዱም። ስለዚህ ቦታው ከምግቡ እኩል ነው።

ዘመናዊ ቀፎ።

1. አመሻሹ ላይ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሳይዘንብ ክፈቱ። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፤ ፍሬም አታውጡ።
2. ከበሩ ትንሽ ጭስ፣ ከላይ ትንሽ ጭስ። አታብዙ።
3. እጭ ያለባቸውን ፍሬሞች ለዩ። ብዙ ጊዜ መሐል ናቸው፤ ንቡ የተሰበሰበበትን ተከተሉ።
4. የቂጣውን የታችኛውን ወረቀት በቢላ ሦስት አራት ቦታ ሰንጥቁ።
5. ቂጣውን በቀጥታ ከእጩ ፍሬሞች ራስ ላይ አጋድሙት። የላይኛው ወረቀት ይቆይ፤ እንዳይደርቅ ይረዳል።
6. ክዳኑ ሲዘጋ ቂጣውን እንዳይጨፈልቀው በሳጥኑ ጠርዝ ዙሪያ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ጣውላ አኑሩ። ክፍተት እንዳይኖር አድርጋችሁ ግጠሙት። ክፍተት ካለ ዘራፊ ንብም ብርድም በዚያ ይገባል።
7. ክደኑ፤ በሩን ሁለት ሦስት ንብ በሚያሳልፍ ልክ አጥብቡ። ቀፎውን ትንሽ ወደ በሩ ዘንበል አድርጉት፤ ውሃ እንዳይቋጥር።

የሽግግር ቀፎ። የላይ እንጨቶቹ የተጋጠሙ ስለሆኑ ከላይ አይቻልም። ከመጨረሻው እጭ ያለበት እንጀራ ቀጥሎ ያለውን ባዶ እንጨት አውጡ። ቂጣውን በስስ ጣውላ ላይ አድርጋችሁ ወለሉ ላይ ወደ እጩ አስጠጉ።

ባህላዊ ቀፎ። ከበሩ ተቃራኒ ያለውን የኋላ ክዳን ክፈቱ። በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ላይ ግማሽ ቂጣ አድርጋችሁ እንጀራው ጫፍ እስኪደርስ ግፉት። እንጀራውን እንዳትወጉ ቀስ በሉ። የከፈታችሁትን በጭቃና በእበት መልሳችሁ ምረጉ።

ብዙ ባህላዊ ቀፎ ያለው ሰው ሁሉንም መክፈት ካልቻለ ደረቁን ዱቄት ውጭ ማቅረብ ይችላል። ስኳር ሳይገባበት፣ በሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱት። ነፋስና ዝናብ የማይደርስበት፣ ከቀፎዎቹ 20 ወይም 30 እርምጃ የራቀ ጥላ ሥር ይሁን። ንቦቹ ዱቄቱ ላይ ተንከባለው እግራቸው ላይ ጭነው ይሄዳሉ፤ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ጤዛ ከነካው ይበላሻል። ድክመቱ ግን ግልጽ ነው፤ ጠንካራው ቀፎ ይወስደዋል፣ ያስፈልገው የነበረው ደካማው ይቀራል።

## ደረጃ 5፦ ስኳሩን ከጎኑ ስጡ

ማሩ ካነሰ ከቂጣው ጋር ወፍራሙን ስኳር ውሃ ስጡ። በሰኔ ቀጭን አይሁን፤ በብርድና በእርጥበት ውሃውን ማትነን ይከብዳቸዋል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር፣ ማታ ብቻ፣ ቀፎ ውስጥ ብቻ። ዕቃው ላይ ጭድ ወይም ስንጥር እንጨት ይንሳፈፍበት፤ አለዚያ ይሰምጣሉ። ያፈሰሳችሁትን ጠብታ ወዲያው እጠቡ።

ለሁለተኛው ዙር፣ ነሐሴ ላይ፣ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ማድረግ ትችላላችሁ። ቀጭኑ ንግሥቲቱን እንቁላል እንድትጥል ይቀሰቅሳል። ቂጣ ሳይኖር ግን አትቀስቅሷት።

## ደረጃ 6፦ ተከታተሉ

በ3ኛው ቀን ክዳኑን ብቻ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ወረቀቱ ዳር ዳሩ ተቀዶ፣ ቂጣው ከሥር ተቦርቡሮ፣ ንብ ከወረረው ሥራው ተጀምሯል። በ10ኛው ቀን ያለቀውን ተኩ። ጠንካራ ቀፎ 200 ግራሙን በሳምንት ሊጨርስ ይችላል። ደካማው ግማሹን ካልበላ ቀጣዩን ግማሽ አድርጉት።

በ12ኛው ቀን ገደማ ፀሐይ ከወጣ አንድ የእጭ ፍሬም አንሥታችሁ ያን ነጩን ፈሳሽ ድጋሚ ፈልጉ። እጮቹ ውስጡ ከተኙ ተሳክቶላችኋል። ቂጣው እያለቀ እጩ አሁንም በደረቁ ከተኛ ደግሞ ማሩን እዩ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው እሱ ነው።

አንዴ ከጀመራችሁ በመሐል አታቋርጡ። ቂጣው ያስፋፋው እጭ ቂጣው ሲጠፋ የሚያበላው ያጣል። ለሦስት ቀፎ የሚበቃ ዱቄት ካላችሁ ለሦስት ብቻ ስጡ፤ ለዘጠኝ አታከፋፍሉት።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ጨርሶ አልነኩትም። መጀመሪያ ቅመሱት። ምላሳችሁ ላይ ቅመም ወይም ምሬት ካለ አውጡት። ጣዕሙ ደህና ከሆነ ከእጩ ርቆ እንደሆነ እዩና አስጠጉ። ያም ካልሆነ ላዩን የራሳችሁን ማር ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከሦስት ቀን በኋላም ካልነኩት በሩ ላይ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። እግራቸው ላይ ጽጌ ጭነው ከገቡ አያስፈልጋቸውም።

ፍርፋሪውን በር ላይ ይጥላሉ። ደርቋል ወይም ዱቄቱ ሻካራ ነው። አውጡት፣ ወንፊቱን ድገሙ፣ ስኳር ውሃ ጨምራችሁ አቡኩ።

ሻገተ። ቂጣው ከንቡ ቁጥር በልጧል፣ ወይም ውሃ ገብቷል። ሻጋታውን ቆርጣችሁ ቀሪውን አትስጡ፤ ሙሉውን አውጡ። ክዳኑን አጥብቁ፣ ላዩን ቆርቆሮ ወይም ሣር አልብሱ፣ ቀጣዩን 100 ግራም አድርጉት።

ጉንዳን መጣ። የቀፎውን መቆሚያ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ። ሥሩ ያለውን ሣር አጭዱ፤ አንዲት ዘለላ ሣር ከቀፎው ጋር ከተነካካች ድልድይ ትሆናቸዋለች። አመድም ይረዳል፤ ዝናብ ሲመታው ግን መልሱት።

ዝርፊያ ተነሣ። በሩ ላይ ትግል፣ በክዳኑ ስንጥቅ የሚሽከረከሩ ንቦች ካያችሁ በሩን አንድ ንብ በሚያሳልፍ ልክ አጥብቡ፤ ስንጥቁን በጭቃ ድፈኑ። ስኳር ውሃውን ለጊዜው አንሡ። የቂጣው ሽታ እምብዛም ዝርፊያ አያስነሣም፤ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የፈሰሰ ስኳር ነው።

ቂጣው ውስጥ ትል ታየ። ብዙ ጊዜ የቀፎ ጥንዚዛ ትል ነው፤ ቆላው ላይ ይበዛል። ቂጣውን አቃጥሉት ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ሜዳ ላይ አትጣሉት። ከዚህ በኋላ በሦስት ቀን የሚያልቅ መጠን ብቻ ስጡ። ንብ የማይሸፍነውን ትርፍ እንጀራ አውጡ።

እጩ ነጭ ኖራ መስሎ ደረቀ። በር ላይ የደረቀ፣ ጠንካራ፣ ነጭ ወይም ጥቁር እጭ ካገኛችሁ የሻጋታ በሽታ ነው። እርጥበትና ብርድ ያብሱታል። ቀፎውን ከረግረግ አንሡ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት፣ የዚያን ቀፎ እንጀራና ጽጌ ወደ ሌላ አታዛውሩ። የወረዳችሁን የንብ ባለሙያ አሳዩ።

ንቡ ሊኮበልል ነው። እጭ የለም፣ ማሩ ተመጥምጦ አልቋል፣ በሩ ላይ ጠባቂ የለም። የእኛ ንብ ሲርበው መኮብለል አይከብደውም። በዚህ ሰዓት መነካካት ያባብሰዋል። ማታ ወፍራም ስኳር ውሃ ስጡ፤ በተከታታይ ሁለት ሦስት ማታ። ከሌላ ጤነኛ ቀፎ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም ማምጣት ከቻላችሁ አምጡ፤ እጭ ትቶ የሚሄድ መንጋ ጥቂት ነው። ሲረጋጋ ቂጣው ይከተላል።

ንቡ በዝቶ ሊሰድ ነው። ይህ የሚያጋጥመው ሁለተኛውን ዙር አብዝተው ለሰጡ ነው። በእንጀራው ግርጌ የንግሥት ቤት ተንጠልጥሎ ካያችሁ ምግቡን አቁሙ፣ ቦታ ጨምሩላቸው ወይም መንጋውን ክፈሉ።

## ደረጃ 7፦ አቁሙ

ማገጥና አደይ አበባ ሲከፈት፣ ከሚገቡት ንቦች ብዙዎቹ እግራቸው ላይ ቢጫ ጽጌ ሲጭኑ፣ ቂጣውም ስኳሩም ይወጣል። ባቄላው ቀድሞ ያበበበት ቦታ ቀኑ ሊቀድም ይችላል፤ ስለዚህ ከካላንደሩ ይልቅ የንቡን እግር እዩ።

ስኳሩን ማቆም ግዴታ ነው። አበባ ሲመጣ ቀፎ ውስጥ የቀረ ስኳር ከማሩ ጋር ይጠራቀማል፤ ኅዳር ላይ የምትቆርጡት ንጹሕ ማር አይሆንም። የማር ሳጥኑን የምትደርቡት የመጨረሻው ስኳር ውሃ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ይሁን። ወረቀቱን ልቀሙ፣ ጠርዙ ላይ ያኖራችሁትን ጣውላ አንሡ፣ ያልሻገተውን ትራፊ ቂጣ ለዶሮ ስጡ።